ከብራና ነጥብ እስከ ትእዛዝ መለያ

በላሊበላ ዙሪያ በሚገኘው የላስታ ደጋ፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት ጽሑፍን በምልክት የመለየት ልማድ ምን ያህል የጠራ ሥርዓት እንደነበረው ያሳያሉ። በደቡብ ዓረብ ፊደል በተቀረጹት የአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰረዝ ሲሆን፣ በግእዝ ብራና ይህን ሥራ የያዘው ሁለት ነጥብ (፡) ነው። ቁም ጸሐፊው ከቃል በኋላ ሁለት ነጥብ፣ ሐሳብ ሲያልቅ አራት ነጥብ (።)፣ ክፍል ሲዘጋ ደግሞ በጥቁርና በቀይ ቀለም የሚያጌጥ የነጥቦች ስብስብ ያኖር ስለነበር፣ እያንዳንዱ የመለያያ ደረጃ የራሱ ምልክት ነበረው፤ ከምልክቶቹ አንዱም እንደ ፊደል ሊነበብ አይችልም ነበር።

ይህ ጥራት የደፈረሰው ግእዝ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። አስኪ የተባለው የአሜሪካ የፊደል ኮድ 128 ቦታ ብቻ ስለነበረው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግእዝን በላቲን ፊደላት የሚወክል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። በሴራ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ አንድ ጊዜ ሲጻፍ ፡ ይሆናል፣ ሲደገም ። ይሆናል፤ የእንግሊዝኛው ድርብ ሰረዝም ወደ ፤ ይለወጣል። ከፊደል ራስጌ የምትቀመጠው አጭር ጭረት (') ደግሞ ተናባቢን ከአናባቢ ትለያለች፤ ከተዘለለች «መልአክ» ሊባል የታሰበው «መላክ» ሆኖ ይነበባል። ከግእዝ ወደ ላቲን ለመሻገር የሚያገለግለው ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ በበኩሉ ማምለጫ ምልክት ይባላል፤ ማምለጫ ማለት ቀጥሎ የሚመጣው በተለመደው መንገድ እንዳይነበብ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው።

አንድ ምልክት መለያም ይዘትም የመሆኑ ችግር በጽሑፍ ብቻ በሚካሄዱ የኮምፒውተር ጨዋታዎችም ተከስቷል። ሮይ ትራብሾ በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 እ.ኤ.አ. ከጀመረውና ሪቻርድ ባርትል ካስፋፋው «ማድ» የተወለዱት እነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ትእዛዝ እየጻፈ የሚጓዝባቸው ሲሆኑ፣ ከአገልጋዩ ጋር የሚያገናኘው የተጫዋቹ ፕሮግራም ብዙ ትእዛዞችን በአንድ መስመር ይቀበላል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ቲንቲን ፕላስ ፕላስ ትእዛዞችን በእንግሊዝኛው ድርብ ሰረዝ ይለያል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ያንኑ ምልክት በንግግሩ ውስጥ ቢጽፈው ንግግሩ ይቆረጥና ቀሪው እንደ አዲስ ትእዛዝ ይላካል፤ መድኃኒቱም ማምለጫ ምልክት ማስቀደም ነው። ማድሌት የተባለው ፕሮግራም ግን ድርብ ሰረዙን ሁለት ጊዜ አከታትሎ (;;) በመጠቀም በተራ ንግግር የመገኘት ዕድሉን ይቀንሳል። በሴራ መንገድ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመታው ቁልፍ ወደ ፤ ስለሚለወጥ፣ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው መለያ ሳይደርሰው ይቀራል።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ለግእዝ ፊደላትና ለሥርዓተ ነጥቦቹ፣ ሁለት ነጥቡን ጨምሮ፣ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። በዚያን ጊዜ ግን በዘመናዊው ኅትመት የሁለት ነጥብን ቦታ ባዶ ክፍተት ወስዶት ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ፣ የሚለየው ምልክት ከሚለየው ይዘት ጋር ሲጋራ ስሕተት የማይቀር መሆኑ ነው፤ በመሆኑም አማርኛ የሚቀበል ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ፤ን ለጸሐፊው ትቶ፣ የትእዛዝ መለያውን ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ሊፈቅድለት ይገባል።