የባዕድ አገር ሙሽራ በአሜሪካ ሕግ ፊት

ጋብቻ በሽማግሌ ልመና፣ በወላጅ ፈቃድና በካህን ቡራኬ ሲጸና በኖረበት ዘመን፣ ሙሽራው ወይም ሙሽራይቱ ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ ቢኖር ዘመድ አዝማድ እንጂ የመንግሥት ጸሐፊ አልነበረም፤ መንግሥታት ወሰናቸውን በመዝገብና በማኅተም መጠበቅ ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ የውጭ አገር ሰው በሆነ ጊዜ፣ ቃል ኪዳናቸው በቆንስላ መስኮት ፊት ቀርቦ የሚመረመር ጉዳይ ሆኗል። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖር የአገራችን ተወላጅ፣ አዲስ አበባ ያለችውን ወዳጁን ለማስመጣት ባሰበ ጊዜ፣ በእጮኛ ይሻላል ወይስ አግብቶ ብሎ የሚጨነቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ምክሩንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከእርሱ በፊት ፕሮሰሱን ከጨረሰ ጓደኛ ነው፤ ጓደኛውም የሚነግረው በእርሱ ጊዜ የትኛው ቶሎ እንዳለቀ ብቻ ነው። እነዚህ መንገዶች ግን አንድ ሕግ አውጪ በአንድ ቀን አስቦ የዘረጋቸው አይደሉም፤ አንዱን ጦርነት ከፈተው፣ ሌላውን ጥርጣሬ አጠበበው፣ ሌላውን ደግሞ የስደተኞች መከራ ወለደው። ስለዚህ ለራሱ የሚስማማውን ለመምረጥ የሚሻ ሰው፣ እያንዳንዱ መንገድ ስለ ማን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ዘመን ጥያቄው ራሱ አልነበረም። በ1855 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የዜጋ ሚስት የሆነች የውጭ አገር ሴት፣ በዘመኑ ለዜግነት ይበቃል ከተባለው ወገን፣ ማለትም ከነጮቹ ወገን እስከ ሆነች ድረስ፣ በጋብቻዋ ብቻ ዜጋ እንድትሆን ደነገገ። ሚስት የባሏን ዜግነት ትከተላለች የሚለው አሳብ በአውሮፓም ሰፍኖ የኖረ ነው፤ ኢትዮጵያም በሐምሌ 1922 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጣችው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ በሕግ ያገባት የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ደንግጋ ነበር። የዚህ አሳብ ሌላው ፊት በአሜሪካ በ1907 ተገለጠ፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን አጥታ የባሏን እንድትይዝ አዘዘ። በካሊፎርኒያ ትኖር የነበረች ኤቴል ማኬንዚ የተባለች ሴት፣ በ1909 የእንግሊዝ ተገዥ የሆነ አንድ ዘፋኝ አግብታ፣ ከአገሯ አንድ ቀን ሳትወጣ በዚያው ኖረች። ካሊፎርኒያ በ1911 ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሰጠች በኋላ፣ ስሟን ለማስመዝገብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የምርጫ ሹማምንት ዘንድ ብትሄድ፣ ባሏ የእንግሊዝ ሰው ነውና እርሷም ባዕድ ናት ተብላ ተመለሰች። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1915 ዳኞቹ፣ ጋብቻውን በፈቃዷ እስከ ፈጸመች ድረስ ከእርሱ የሚከተለውንም ዕዳ ዐውቃ እንደ ተቀበለች ይቆጠራል ብለው ፈረዱባት።

ሴቶች በመላው አገር የመምረጥ መብት ካገኙ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1922፣ የኦሃዮ እንደራሴ በነበሩት በጆን ኬብል ስም የሚጠራው ሕግ የባልንና የሚስትን ዜግነት ለየ። አሜሪካዊቱን ነጻ ያወጣ ይህ ሕግ ግን ለውጭ አገሯ ሙሽራ አዲስ ችግር አመጣባት፤ ከዚያ ወዲህ ጋብቻዋ ዜጋ አያደርጋትምና፣ ወደ ባሏ ቤት ለመግባት እንደ ማንኛውም ባዕድ ፈቃድ መጠየቅ ተገደደች። ያም የሆነው በሩ በሚዘጋበት ወራት ነበር። የ1924ቱ ሕግ ለየአገሩ የተወሰነ ቍጥር መድቦ፣ መንገደኛው መርከብ ከመሳፈሩ አስቀድሞ ከአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ እንዲቀበል አዘዘ። የዜጋ ሚስት ከኮታው ውጭ እንድትሆን ሲፈቅድ፣ የአሜሪካዊት ባል ግን በኮታው ውስጥ ተራውን እንዲጠብቅ አደረገ፤ ከ1928 ጀምሮ ለአንዳንዶቹ ባሎች ጥቂት ቢለዝብም፣ ባልና ሚስት በአንድ ዓይን የታዩት በ1952ቱ ሕግ ነው። የቻይና ተወላጆች የሆኑ ሚስቶች ግን ባሎቻቸው ዜጎች ሆነው ሳለ እንኳ እንዳይገቡ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 ፈረደ።

ይኸው የ1924 ሕግ በአንድ ንኡስ ቍጥሩ፣ በውክልና ወይም በፎቶግራፍ የተፈጸመ ጋብቻ ባልና ሚስት አያሰኝም ብሎ ደንግጓል። ይህ የተጻፈው በጃፓናውያን ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያና በሐዋይ እርሻ የሚሠራው ጃፓናዊ ጎልማሳ ፎቶግራፉን ወደ አገሩ ይልካል፤ አማላጆች የሴቲቱን ፎቶግራፍ ይልኩለታል፤ ቤተ ሰቦች ከተስማሙም ስሟ በባሏ ቤተ ሰብ መዝገብ ይጻፍና፣ ያላየችውን ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ከመርከብ ስትወርድ በወደቡ ላይ ይሆን ነበር። ተጋቢዎቹ በአካል መተያየታቸውን የመጠየቅ ልማድ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከአሜሪካ ሕግ አልወጣም፤ የ1952ቱም ሕግ፣ ሁለቱ በአንድነት ሳይገኙ የተፈጸመ ጋብቻ፣ በኋላ ተገናኝተው በሩካቤ ካላጸኑት በቀር እንደ ጋብቻ እንደማይቈጠር አጽንቶታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ ወታደሮች ባሕር ማዶ ያገቧቸው ሚስቶች ብዛት ሕጉን አስጨነቀው። በዲሴምበር 28 ቀን 1945 የወጣው የጦርነት ሙሽሮች ሕግ፣ የወታደሮችን ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች ከኮታና ከቪዛ ግዴታ ለሦስት ዓመት ነጻ አወጣ። አርጀንቲና የተባለችው መርከብ በጃኑዋሪ 1946 ከእንግሊዝ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን 452 ሙሽሮችን ከልጆቻቸው ጋር ጭና ተነሥታ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ደረሰች፤ ከእርሷም በኋላ በዚሁ ሕግ የገቡት ከ100,000 በለጡ። ያልተጋቡት እጮኞች ግን ከዚህ ችሮታ ውጭ ነበሩና፣ በጁን 1946 ሌላ ሕግ ወጥቶ፣ የወታደር እጮኛ እንደ ጎብኚ ገብታ በሦስት ወር ውስጥ እንድታገባ፣ ካላገባች እንድትመለስ ተፈቀደ። ዛሬ የእጮኛ ቪዛ የሚባለው የዚህ ልጅ ነው።

ያ የቸርነት ሕግ ግን ለሁሉ እኩል አልነበረም። ኤለን ክናውፍ የተባለች በጀርመን የተወለደች ሴት፣ በሂትለር ዘመን ተሰዳ ወደ እንግሊዝ ገብታ፣ በእንግሊዝ የአየር ኃይል በመልካም ስም አገልግላ፣ ከጦርነቱ በኋላም በጀርመን በአሜሪካ የጦር መሥሪያ ቤት ስትሠራ፣ የቀድሞ ወታደር የሆነ አሜሪካዊ ዜጋ በ1948 አገባች። በኦገስት ወር ኒው ዮርክ ስትደርስ፣ ለአገር ጸጥታ አደገኛ ናት ተብላ፣ ምክንያቱ ሳይነገራት፣ ቃሏም ሳይሰማ በኤሊስ ደሴት ተያዘች። በጃኑዋሪ 1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ የባዕድ ሰው መግባት መብት ሳይሆን መንግሥት የሚሰጠው ችሮታ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለመናገር አይገደድም ብሎ ወሰነ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በልዩነት አሳባቸው፣ ሕግ አውጪው በግልጥ ቃል ሳያዝ አንድ ሹም የዜጋን ቤተ ሰብ ሊበትን ሥልጣን አለው ብለው ለማመን እንዳልፈቀዱ ጻፉ። ጋዜጦችና እንደራሴዎች ነገሩን ስላነሡት በመጨረሻ ቃሏ ተሰምቶ፣ ክሱ በቂ ማስረጃ እንደሌለው ታውቆ፣ በኖቬምበር 1951 ወደ አገሩ ገባች። እርሷ ብትገባም ፍርዱ ግን አልተሻረም።

የ1965ቱ ሕግ የዘር ሚዛን የነበረውን የኮታ ሥርዓት ሲሽር፣ የዜጋን ሚስትና ባል ከማናቸውም የቍጥር ገደብ ነጻ አድርጎ አስቀመጠ፤ ዜጋ ያልሆነ የቋሚ ነዋሪ ሚስት ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በተወሰነው ቍጥር ውስጥ ተራ ትጠብቃለች። በኤፕሪል 1970 ደግሞ፣ ወታደሮች በቬትናም በነበሩበት ወራት፣ ለእጮኞች ቋሚ መንገድ ተከፈተ፤ ይኸውም ኬ የሚባለው ቪዛ ነው። አመልካቹ ዜጋ ሊሆን ይገባል፤ የመጣው እጮኛም በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ያስመጣውን ሰው ማግባት አለበት።

ከዚያ የጥርጣሬው ዘመን መጣ። የኢሚግሬሽን ሹማምንት፣ በጋብቻ ምክንያት ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች ከመቶ 30 የሚሆኑት ሐሰተኞች ናቸው ብለው በምክር ቤት መሰከሩ፤ ቍጥሩ ጽኑ መሠረት እንዳልነበረው በኋላ ቢታወቅም፣ በእርሱ ምክንያት የወጣው የ1986 ሕግ ጸንቶ ቀረ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የሚያገኘው ግሪን ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ጊዜው ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት በአንድነት ቀርበው ትዳራቸው እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት አለባቸው። እጮኞችም ከማመልከቻው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን እንዲያስረዱ ታዘዘ። አዲሱ ሥርዓት ሚስትን በባሏ እጅ የሚጥል መሆኑ በታወቀ ጊዜም፣ የተደበደበች ሚስት ያለ ባሏ ፊርማ እንድታመለክት በ1990 እና በ1994 በወጡ ሕግጋት ተፈቀደላት። በ1996 ደግሞ አስመጪው፣ የመጣው ሰው የመንግሥት ሸክም እንዳይሆን፣ ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 ከመቶ እንደማያንስ አስረድቶ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ቃለ መሐላ እንዲፈርም ተደነገገ፤ ይህ ግዴታ በፍቺ ጊዜ እንኳ የማይፈርስ መሆኑን ብዙዎች የሚያውቁት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ወደ አገራችን ሰዎች ስንመለስ፣ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከደርግ ዘመን ስደት ጋር ተገጣጥሞ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደ አሜሪካ አስገባ፤ የ1990ውም ሕግ ዲቪ የሚባለውን ዕጣ አመጣ። በእነዚህ ምክንያት ሁለት ሌሎች መንገዶች ተጨመሩ። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሚስቱን በሁለት ዓመት ውስጥ አመልክቶ ሊያስከትል ይችላል፤ ነገር ግን ጋብቻው እርሱ ከመግባቱ ወይም ጥገኝነቱን ከማግኘቱ አስቀድሞ የተፈጸመ መሆን አለበት። የዲቪውም ዕድለኛ፣ ስሙን ሲያስገባ አግብቶ ሳለ ሚስቱን ሳይጽፍ የቀረ እንደ ሆነ ዕድሉን ያጣል፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ የተፈጸመም ጋብቻ ስለ ቪዛው የተደረገ እንዳይሆን በብርቱ ይመረመራል።

ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው ግን በእጮኛና በሚስት መካከል ያለው ድንበር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቤተ ሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የተፈጸሙትን ጋብቻዎች በእኩል ዐይን ያያል። እንግዲህ በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባ፣ ወይም ኒካሕ ያሰረ ሰው፣ ቀበሌ ሄዶ አልተፈራረምኩምና ገና እጮኛ ነኝ ቢል፣ በሕግ ባል ነውና የእጮኛው መንገድ ተዘግቶበታል፤ ነጭ የለበሰችውን ሙሽራና ካባ የደረቡትን ካህናት የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ለማስረጃ ብሎ ከማመልከቻው ጋር ያያዘ ሰው፣ በገዛ እጁ በራሱ ላይ መስክሯል። በሌላ ወገን ደግሞ ሥራ አልፈቅድ ብሎት፣ ሠርጉ በወኪል እንዲፈጸምለት የሚያስብ አለ፤ የቤተ ሰብ ሕጋችን ይህን የሚፈቅደው በከባድ ምክንያት ብቻ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሕግ ግን በጃፓናውያኑ ጊዜ የጻፈውን አልረሳም።

ስለ ፍጥነትም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። የእጮኛ ቪዛ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ቢደርስም፣ የገባችው ሙሽራ ከሠርጉ በኋላ ለግሪን ካርድ እንደገና አመልክታ፣ እንደገና ከፍላ፣ የሥራ ፈቃድም ጠብቃ መቀመጥ አለባት፤ በሚስትነት የመጣች ግን ከአውሮፕላን ስትወርድ ቋሚ ነዋሪ ናትና በማግስቱ ሥራ ልትፈልግ ትችላለች። በ2000 ለሚስቶች የተፈጠረው ኬ 3 የሚባለው የማፋጠኛ ቪዛ እንኳ፣ ዋናው ማመልከቻ ቀድሞት ወይም አብሮት እየደረሰ፣ ጥቅም አጥቶ እንደ ሞተ የሚቈጠር ሆኗል።

በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሆነ ባሏ በቆንስላ ቪዛ የተከለከለባትን አሜሪካዊት ሕግ ዐዋቂ የሳንድራ ሙኞዝን ክርክር ሰምቶ፣ ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ወደ አገር የማስገባት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም ሲል ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ወሰነ። ከኤለን ክናውፍ ፍርድ 74 ዓመት አልፎ፣ ጋብቻ በቆንስላ ፊት ልመና እንጂ መብት አለመሆኑ ጸንቶ ይገኛል። ስለዚህ የትኛው መንገድ ይቀላል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ እኔ በሕግ ፊት ማን ነኝ፣ ዜጋ ነኝ ወይስ ነዋሪ ወይስ ስደተኛ፣ ያለሁትስ በእጮኝነት ነው ወይስ በትዳር ብሎ ራሱን በእውነት የጠየቀ ሰው፣ መንገዱ በራሱ ተመርጦለት ያገኘዋል። ሳያገቡ አገባሁ፣ አግብተውም አላገባሁም ማለት ትርፍ የለውም። ለቪዛ ብቻ ብሎ ጋብቻ የፈጸመ መሆኑ አንድ ጊዜ የተረጋገጠበት ሰው፣ በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢይዝ እንኳ፣ በትዳር ጓደኛው ማመልከቻ ግሪን ካርድ እንዳያገኝ የአሜሪካ ሕግ ለዘለዓለም ይከለክለዋልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ፊርማህን ከማኖርህ በፊት ይህን አስብ።