ማብቃት፦ የአመራር ኮቺንግ ምንድን ነው?

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ መሪ ብቻውን እንደማይዘልቅ ለማመን ሌላ ማስረጃ አያሻውም። በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉና በየድርጅቱ ስሙ እየተለመደ የመጣው «የአመራር ኮቺንግ» የሚነሣውም ከዚሁ እውነት ነው። የሚለየው በመንገዱ ነው። መካሪ የሚያውቀውን ይነግራል። ኮች ግን መሪው ራሱ እንዲያስብ፣ እንዲወስን፣ የወሰነውን እንዲሞክርና ከሙከራው እንዲማር ያግዘዋል። ይህን አሠራር በአማርኛ «ማብቃት» ብንለው ከሌሎቹ አማራጮች የተሻለ ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት ግን ነገሩን ራሱን እንየው።

ትርጉሙ

የአመራር ኮቺንግ አንድ መሪና በዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ አስቀድመው በተስማሙበት ግብ ላይ፣ ለተወሰኑ ወራት በቀጠሮ እየተገናኙ የሚያደርጉት ተከታታይ ውይይት ነው። ከወዳጅ ጨዋታ የሚለዩት ሦስት ነገሮች አሉ። ግቡ በጽሑፍ የሰፈረ ነው፤ በአንዱ ቀጠሮና በሚቀጥለው መካከል መሪው በሥራ ቦታው የሚሞክረው ነገር አለ፤ በመጨረሻም ለውጡ መምጣት አለመምጣቱ ይመዘናል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውይይቱ ደስ የሚል ሊሆን ይችላል፤ ኮቺንግ ግን አይደለም።

ቃሉ ከየት መጣ?

በ15ኛው መቶ ዘመን ኮች የምትባል የሃንጋሪ መንደር በሠረገላዎቿ ታወቀች። ሠረገላው በመንደሯ ስም ተጠራ፤ ስሙም በጀርመንና በፈረንሳይ ቋንቋዎች በኩል አልፎ እንግሊዝ ደረሰ። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ «ኮች» ይሉት ጀመር፤ ተማሪውን ይዞ ፈተናውን የሚያሻግር ነውና። ከዚያ ቃሉ ወደ ስፖርት ሜዳ ገባ።

ወደ ሥራ ዓለም የተሻገረው ከስፖርት ሜዳ ነው። አሜሪካዊው የቴኒስ አስተማሪ ቲሞቲ ጋልዌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹን የሚያሸንፈው ከመረቡ ማዶ የቆመው ተጋጣሚ ብቻ ሳይሆን በገዛ ራሱ ውስጥ ያለው ጥርጣሬና ጭንቀት ጭምር መሆኑን ጻፈ። ጋልዌይ «ክንድህን እንዲህ አድርግ» እያለ ትእዛዝ ከማብዛት ይልቅ፣ ኳሷ መሬት ስትነካና ራኬቱ ሲመታት ተጫዋቹ ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርግ ነበር። ተጫዋቹ ልቡን ኳሷ ላይ ሲጥል አመታቱ በራሱ ይስተካከላል። የቀድሞው እንግሊዛዊ የመኪና ተወዳዳሪ ጆን ዊትሞር ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ ኩባንያዎች ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው መጽሐፉም ለሙያው መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። ዛሬ ፌዴሬሽኑ ለሙያተኞች ማረጋገጫ ሲሰጥ፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 100 ሰዓት፣ ለመካከለኛው 500፣ ለከፍተኛው 2,500 ሰዓት የተግባር ልምድ ይጠይቃል።

ከሥልጠናና ከምክር በምን ይለያል?

ለእኛ ጆሮ «ኮች» ቀድሞ የሚያስታውሰው አሠልጣኝን ነው። ቃሉ ሲነሣ የሩጫ አሠልጣኞቹ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ወይም የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ ትዝ ይሉናል። በሩጫ ሜዳ ይህ ትክክል ነው። በሥራ ቦታ ግን «ሥልጠና» ሌላ ትርጉም ይዟል፤ አዳራሽ፣ ሰነድ፣ አቅራቢ፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ቀን አዳማ ወይም ቢሾፍቱ መሰንበት። ሥልጠና ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት እውቀት ይሰጣል፤ ይህም ያስፈልጋል። ኮቺንግ ግን የሚጀምረው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተቀምጦ የተማረውን ከገዛ ጠባዩ፣ ከገዛ ሠራተኞቹና ከገዛ ችግሩ ጋር ማዛመድ ሲያቅተው።

አማካሪ ጉዳዩን አጥንቶ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። በሥራው የቆየ ታላቅ ባልደረባ የራሱን ልምድ ያካፍላል። የሥነ ልቦና ሐኪም የቆሰለ መንፈስ ያክማል። አለቃ የሥራ አፈጻጸም ይመዝናል። ኮች ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይወስድም። የመሪውን ሥራ ከመሪው በላይ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት በትክክል መጠየቅ፣ በትዕግሥት ማዳመጥና መሪው የገባውን ቃል ማስታወስ ነው።

ሂደቱ ደረጃ በደረጃ

አንዲት የጤና ጣቢያ ኃላፊ እናስብ። ጎበዝ ነርስ ስለነበረች ነው የተሾመችው። አሁንም ከማንም በላይ ትሠራለች፤ ሠራተኞቿ ግን ችግር ሲገጥማቸው መፍትሔ ከማሰብ ይልቅ እሷን ይጠብቃሉ። እሷም ደክሟታል። ይህ በእኛ አገር በየሙያው የሚታይ ነገር ነው። ጎበዙ መምህር ርእሰ መምህር ይሆናል፤ ጎበዙ ሐኪም ሜዲካል ዳይሬክተር ይሆናል። ለሹመት ያበቃው ሙያው ነው፤ ሹመቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ችሎታ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ውል ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያውን የሚሸፍነው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ስምምነቱ በሦስት ወገን ይደረጋል፤ በመሪዋ፣ በኮቹና በአሠሪው። ግቡንና የሂደቱን ርዝመት አሠሪው ያውቃል፤ በክፍሉ ውስጥ የተባለውን ግን አያውቅም። ይህ መስመር ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ካልተሰመረ መሪዋ ልቧን አትከፍትም፤ ያልተከፈተ ልብ ይዞ ደግሞ የትም አይደረስም።

ሁለተኛው መረጃ መሰብሰብ ነው። ኮቹ ከአለቃዋ፣ ከእኩዮቿና ከበታቾቿ ጋር ለየብቻ ይነጋገራል፤ ወይም መጠይቅ ያስሞላል። የማንም ስም ሳይጠቀስ የተባለው ተጨምቆ ይቀርብላታል። አለቃን ፊት ለፊት መተቸት ነውር በሆነበት ባህል ውስጥ ይህ ደረጃ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በስብሰባ ላይ «እሺ» ብሎ የሚወጣ ሠራተኛ ምን እንደሚያስብ መሪዋ የምትሰማበት ሌላ በር የላትም። የእኛዋ ኃላፊ የሰማችው ይህን ነው እንበል፦ «ችግራችንን ተናግረን ሳንጨርስ መልሱን ትሰጠናለች።»

ሦስተኛው ግብ መምረጥ ነው። ግቡ ጠባብ መሆን አለበት። «የተሻልኩ መሪ መሆን እፈልጋለሁ» ምኞት ነው። «በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ የመፍትሔ ሐሳብ መጀመሪያ ከሠራተኞች እንዲመጣ አደርጋለሁ» ግብ ነው፤ ሌላ ሰው አይቶ መመስከር ይችላልና።

አራተኛው ተከታታዩ ውይይት ነው። በዊትሞር መጽሐፍ በስፋት የታወቀው ቅደም ተከተል አራት ምዕራፍ አለው፤ ግቡ ምንድን ነው፣ አሁን ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል፣ ምን አማራጮች አሉ፣ በመጨረሻም የትኛውን መቼ ታደርጋለህ። በተግባር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ ከእርስዎ ሌላ ስንት ሰው ተናገረ?»

«ሁለት ይመስለኛል።»

«እነሱ ሲናገሩ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«መልሱን እያዘጋጀሁ ነበር።»

«በሚቀጥለው ሰኞ ምን ቢሞክሩ ይሻላል?»

«አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ሌላውን ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ብዬ ልጠይቅ።»

ኮቹ እዚህ ውስጥ አንድም ምክር አልሰጠም። «ሠራተኞችሽን አዳምጪ» የሚለውን ምክር ኃላፊዋ ከዚህ በፊት ደጋግማ ሳትሰማው አልቀረችም። የለወጣት መልሱን ከራሷ አፍ መስማቷ ነው። ሰው የተነገረውን ይረሳል፤ ራሱ ደርሶበት በገዛ ቃሉ የተናገረውን ግን መካድ ይከብደዋል።

አምስተኛው በቀጠሮዎች መካከል ያለው ሥራ ነው፤ ዋናው እድገት የሚገኘውም እዚህ ነው። ኃላፊዋ ሰኞ ትሞክራለች። ምናልባት ክፍሉ ዝም ይላል፤ ዝምታው ይከብዳትና እንደ ልማዷ መልሱን ራሷ ትሰጣለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮቹ አይወቅሳትም፤ «ዝምታው ሲመጣ ምን ተሰማዎት?» ይላታል። ከዚያ ሌላ ሙከራ ይታሰባል። ሙከራው፣ መለስ ብሎ ማየቱና እንደገና መሞከሩ ሲደጋገም አዲሱ ጠባይ ልማድ ይሆናል።

የመጨረሻው ደረጃ መመዘንና መዝጋት ነው። መጀመሪያ የተጠየቁት ሠራተኞች እንደገና ይጠየቃሉ። ለውጡን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

ለምን ይሠራል?

አሜሪካዊው ማርሻል ጎልድስሚዝ በዚህ ሙያ ከታወቁት ቀዳሚው ነው። ከታላላቅ ድርጅቶች ኃላፊዎች ጋር ሲሠራ ክፍያ የሚቀበለው መሪው መሻሻሉን በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሲመሰክሩ ብቻ ነው። ከባልደረባው ከሃዋርድ ሞርጋን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት፣ በስምንት ታላላቅ ኩባንያዎች የአመራር ሥልጠና ስለወሰዱ መሪዎች ከ86,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ የያዘ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው። ሊያሻሽሉ የፈለጉትን ነገር ለሥራ ባልደረቦቻቸው ተናግረው፣ በየጊዜው «እንዴት እያየኸኝ ነው?» እያሉ የጠየቁ መሪዎች በሰፊው ተሻሻሉ። ሥልጠናውን ወስደው ነገሩን ያልተከታተሉት ግን ያሳዩት ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው ክትትሉ እንጂ የሰሙት ትምህርት ብቻ አልነበረም።

ኮቺንግ ለደካሞች ብቻ የሚሆንም አይደለም። ኤሪክ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2001 ጉግልን ለመምራት ሲመጣ፣ የቦርዱ አባል ጆን ዶር ኮች እንዲይዝ ነገረው። ሽሚት መጀመሪያ ቅር እንዳለው ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ልምድ ያለው ሥራ አስኪያጅ ነበርና። ሐሳቡን ተቀብሎ አብሮት የሠራው ቢል ካምቤል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው። በኋላ ሽሚት ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ የላቀው ይህ መሆኑን መስክሯል፤ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2016 ካረፈ በኋላም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለ እሱ መጽሐፍ ጽፏል።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ሥልጣን ከፍ ባለ ቁጥር እውነቱን የሚናገር ሰው ያንሳል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ከመሪው የሚፈልገው ወይም የሚፈራው ነገር አለ። ከእሱ ሹመትም ሆነ ሽልማት የማይጠብቅ፣ የሚያየውን የሚናገር አንድ ሰው ማግኘት ለመሪ ትልቅ ሀብት ነው።

የማይሠራበት ቦታ

ኮቺንግ ሁሉን አያድንም። መለወጥ የማይፈልግን ሰው አይለውጥም፤ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አያመጣም። ጉቦ የሚበላን ኃላፊ የሚመለከተው ሕግ እንጂ ኮች አይደለም። ሊያሰናብቱት የወሰኑትን ሰው «ዕድል ሰጥተነው ነበር» ለማለት ወደ ኮች መላክም ሰውየውንም ሙያውንም መበደል ነው።

ለእኛ ሌላም ስጋት አለ። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን እያልን ብዙ ከውጭ የመጡ የሥራ ማሻሻያ አሠራሮችን ተቀብለናል፤ በብዙ ቦታ ግን ቅጹ ብቻ ቀርቶ መንፈሱ ጠፍቷል። ኮቺንግም በአንድ ቀን አውደ ጥናት ተጀምሮ በሪፖርት ከተዘጋ ዕጣው ከዚያ የተለየ አይሆንም።

ለምን «ማብቃት»?

አሠራሩን «ማሠልጠን» ካልነው ከአዳራሹ ትምህርት ጋር ይምታታል። «ማማከር» ካልነው ኮቹ መልስ ሰጪ ይመስላል። «ማብቃት» ግን ከ«በቃ» የወጣ ነው፤ ብቃትና ብቁ የተባሉት ቃላት ቤተሰብ ነው። «ለዚህ ቀን ያበቃን አምላክ ይመስገን» ስንል መንገዱን የሄድነው እኛ ነን፤ ያደረሰን ግን ሌላ ነው። በኮቺንግም ሥራውን የሚሠራው መሪው ነው፤ ኮቹ መሪው እስኪደርስ ድረስ አብሮት ይሄዳል። «አበቃ» ደግሞ «ተፈጸመ» ማለትም ነው። ይህም ልክ ነው፤ መጨረሻ የሌለው ኮቺንግ ጥገኛ ያደርጋልና።

አንድ ችግር አለ። «ሴቶችን ማብቃት» እንደሚባለው ቃሉ ለሰፊ ማኅበራዊ ሥራም ተለምዷል። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ከመጠቀም ይልቅ «የአመራር ማብቃት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሙያተኛውን «አብቂ» ማለት ይቻላል፤ ለጆሮ እስኪለመድ ድረስ «ኮች» ቢባልም ጉዳት የለውም።

የአመራር ማብቃት ለመጀመር የሚያስብ መሪ ወይም መሥሪያ ቤት ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ። ግቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል? የሚባለው ነገር በምስጢር እንደሚያዝ ውሉ ላይ ሰፍሯል? በየቀጠሮው መካከል ምን ይሠራል? ለውጡን በመጨረሻ የሚመሰክረው ማን ነው? ለአራቱም መልስ ካለ ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ አይወጣም፤ ትርፉም ከመሪው አልፎ በየቀኑ ከሥሩ ለሚሠሩት ሰዎች ይደርሳል።