ሳል የሌለው ሲጋራ

ወገኖቼ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ ያጨሰን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል። እዚህ ቤይ ኤሪያ ደግሞ አዳም ቦወንና ጄምስ ሞንሲስ፣ ሁለቱም ስታንፎርድ የተማሩ፣ ጭስ የሌለው ሲጋራ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ጁል ተብሎ ገበያ ገባ። መሐንዲስ ስለነበርኩ ብልሃቱ ይገባኛል፤ ተንኮሉም ጭምር። ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋር አዋህደው ጉሮሮ እንዳይከረክር አደረጉት። ድሮ ጀማሪን የሚመልሰው ሳሉ ነበራ! በ2019 ከአሜሪካ ሃይስኩል ተማሪዎች 27.5 በመቶው ኢ-ሲጋራ ይስቡ ነበር። ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ደግሞ ለሱስ ቶሎ ይሸነፋል። ሳን ፍራንሲስኮ በዚያው ዓመት ሽያጩን የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ ካሊፎርኒያ ባለ ጣዕሙን በ2022 መጨረሻ ከለከለች። ዛሬም በድብቅ ይሸጣል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ፍላሽ የምትመስል ነገር ካገኛችሁ አሽትቷት። ማንጎ ማንጎ ካለች ፍላሽ አይደለችም።