የጀልባ ቀለምና የተልባ ዘይት

ከጂንካ ወደ ታችኛው ኦሞ ብትወርዱ፣ ገላቸውን በነጭ አፈር የሚያስውቡ ካሮዎችን፣ ወንዙ ላይ ደግሞ ከአንድ ግንድ የተቦረቦሩ፣ ቀለም ያልነካቸው ጀልባዎችን ታያላችሁ። ያ ነጭ አፈር ጀልባ ቢቀባበትስ? ውሃ ሲነካው ይታጠባል፤ ማጣበቂያ የለውማ!

የአውሮፓ ጀልባ ሠሪዎች ማጣበቂያውን ለዘመናት ያገኙት ከተልባ ነው። እኛ የምንጠጣው ተልባ ዘይቱ ሲቀባ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠጥራል፤ የቀለሙን ዱቄትም አቅፎ ይይዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ደግሞ ቶሎ የሚደርቀው አልኪድ መጣ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ዘይት ነው።

ከውሃ በላይ ያለውን የጀልባ ጎን ግን ፀሐይ አይምረውም። ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ያኔ ጎኑን በእጃችሁ ብታሹት ዱቄት ይይዛችኋል፣ አንጸባራቂነቱም ይጠፋል። ስለዚህ ቀለም ስትገዙ ከመልኩ በፊት ስለ ማጣበቂያው ጠይቁ።