የአገር ናፍቆት በፒያኖ፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቅጂዎች

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ያለ አጃቢ ባንድ በፒያኖ ብቻ በተቀዱ ሥራዎቻቸው የሚታወቁ ኢትዮጵያዊት የሙዚቃ ደራሲና መነኩሲት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 ከአባታቸው ከከንቲባ ገብሩ ደስታ በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸውም የውብዳር ነበር።

በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በዚያም የምዕራባውያንን ሙዚቃ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ መርኮሊያኖ አጋዛቸው። ከነፃነት በኋላ በካይሮ ሙዚቃን አጠኑ። ኋላም በግሸን ማርያም በምንኩስና ኖሩ።

የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለተቸገሩ ወገኖች መርጃ እንዲውል ተደረገ። በሥራዎቻቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የአገራችን ቅኝቶችና የምዕራባውያን የፒያኖ አጨዋወት ተዋሕደው ይሰማሉ።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜሟቸውን መዝሙሮች በቤት ውስጥ በካሴት ቀዱ። የመዝሙሮቹ ዐቢይ ጉዳይ የአገር ፍቅርና ከአገር መለየት ነው። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እነዚያ ካሴቶች «ሱቨኒርስ» በሚል ርእስ በአልበም የወጡት እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ይህ ታሪክ በቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴት ከአሥርት ዓመታት በኋላ የሕዝብ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ስለሆነም የሙያተኛ ቤተሰቦች በእጃቸው የሚገኙ ካሴቶችን ከእርጥበትና ከሙቀት ጠብቀው እንዲያቆዩ፣ የባለሥራውን ስምና የተቀዳበትን ጊዜ በላያቸው እንዲጽፉ፣ ሳይበላሹም ወደ ዲጂታል ቅጂ እንዲያስለውጡ ይመከራል።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ሲሆን፣ ወደ ወራሾቹም ይተላለፋል። በመሆኑም ማንኛውም ሰው የሟች ሙያተኛን ያልታተመ ቅጂ ለሕዝብ ከማሰራጨቱ በፊት የወራሾቹን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።