ነጻ የተማሪዎች መጓጓዣ (እንግሊዝ)

በእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱ ልጆች ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ በሕግ የተገደዱበት የትራንስፖርት አገልግሎት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሰፋ ያለ መብት የተጨመረው በ2006 በወጣው ሕግ ነው።

በመደበኛው ደንብ፣ በአቅራቢያው ወዳለው ተስማሚ ትምህርት ቤት የሚወስደው የእግር መንገድ ለልጁ ከተወሰነው ርቀት ሲበልጥ አገልግሎቱ ይሰጣል፤ ርቀቱ ከ8 ዓመት በታች ለሆነ 2 ማይል (3.2 ኪ.ሜ)፣ 8 ዓመት ለሞላው ደግሞ 3 ማይል (4.8 ኪ.ሜ) ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት በእግር መሄድ የማይችል ወይም መንገዱ ለእግር ጉዞ አደገኛ የሆነበት ልጅ ርቀቱ ባይሞላም መብቱ ይጠበቅለታል።

ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ደንቡ ይላላል፦

• ከ8 እስከ 10 ዓመት፦ ከ2 ማይል በላይ፤
• ከ11 እስከ 16 ዓመት፦ ከሦስቱ ቅርብ ተስማሚ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ፣ ከ2 እስከ 6 ማይል፤
• ከ11 እስከ 16 ዓመት፣ በሃይማኖት ወይም በእምነት ለተመረጠ ቅርብ ትምህርት ቤት፦ ከ2 እስከ 15 ማይል።

አገልግሎቱ በትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ በነጻ የአውቶቡስ መታወቂያ ወይም በታክሲ ሊሰጥ ይችላል። የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት የመምረጥ ዕድል በትራንስፖርት ዋጋ እንዳይወሰን ማድረጉ የሕጉ ትልቁ ፋይዳ ነው።