ጄኔራል ፎን ሌቶ ፎርቤክ እና የምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት

ፖል ፎን ሌቶ ፎርቤክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካን ጦር የመራ መኮንን ነው። ግዛቱ የዛሬዎቹን የታንዛኒያ ዋና ምድር፣ ሩዋንዳ እና ብሩንዲን ያጠቃልል ነበር። ቀደም ሲል በዛሬዋ ናሚቢያ የሄሬሮ ሕዝብ በተፈጀበት ዘመቻ ያገለገለው ሌቶ ፎርቤክ፣ ዳሬሰላም የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1914 ነበር።

የግዛቱ አስተዳዳሪ ሃይንሪሽ ሽኔ ከጦርነቱ መራቅን ቢመርጥም አዛዡ አልተስማማም። ዓላማው ብዙ የእንግሊዝ ጦር አፍሪካ ውስጥ አስሮ ማቆየት ነበር። በኅዳር 1914 ከሕንድ የመጣ 8 ሺህ ያህል ጦር ታንጋ ወደብ ላይ ሲያርፍ፣ 1 ሺህ በሚሆኑ ተዋጊዎች መልሶታል። ጦርነቱ መሐል የተቆጣ የንብ መንጋ ሁለቱንም ወገን ነድፏል። ሸሺው ጦር ጥሎት የሄደው መሣሪያና ጥይት ለሌቶ ፎርቤክ ስንቅ ሆነው።

በ1916 ጃን ስመትስ የመራው ከፍተኛ ጥቃት ሲጀመር ግን ወደ ደቡብ ማፈግፈግ ግድ ሆነ። የጀርመን ታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ያወደሱት ይህን የሽምቅ ውጊያ ነው፤ ውጊያውን የቀለበው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አልጻፉም። ጦሩ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። እህሉ ተወሰደ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ወጣቱ ለሸክም ታፈሰ። እንግሊዞችም ያንኑ አደረጉ፤ ካሰለፏቸው 1 ሚሊዮን ገደማ ተሸካሚዎች ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑት በበሽታና በረኃብ አልቀዋል። የሚያርሰው ጉልበት በሄደበት ምድር ዝናብ ሲጠፋ፣ የማዕከላዊ ታንዛኒያ ጎጎዎች «ምቱንያ» ብለው የሚያስታውሱት ረኃብ ገባ። በዳሬሰላም የሚገኘው ካሪያኮ የተባለው ሰፈርና ገበያ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ የተሸካሚዎች ክፍል መጠሪያ ነው።

ሌቶ ፎርቤክ በኅዳር 1917 የሩቩማን ወንዝ ተሻግሮ ሞዛምቢክ ገባ፤ በመጨረሻም የዛሬዋን ዛምቢያ ወረረ። ጀርመን ተኩስ ማቆሟን የሰማው ዘግይቶ ሲሆን፣ እጁን የሰጠው ኅዳር 25 ቀን 1918 በአሁኗ ምባላ ከተማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በርሊን ላይ እንደ ጀግና ተቀበሉት።

የሞተው በ1964 ነው። የምዕራብ ጀርመን ምክር ቤት በሕይወት ለነበሩ አፍሪካውያን ወታደሮቹ ያልተከፈለ ደመወዝ እንዲሰጥ የወሰነው በዚያው ዓመት ነበር። ማስረጃ የሌላቸው ሽማግሌዎች መጥረጊያ ተሰጥቷቸው፣ በጀርመንኛ ትእዛዝ የጠመንጃ ልምምድ እንዲያሳዩ መደረጋቸው ይነገራል።